በታንኩ ላይ ያሉት አራት ሰዎች

ጎንደር፣ አዘዞ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምሳሳልሽ ልጄ ለእፀገነት፣

እንዴት ሰነበትሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልክሽን ያላነሣሁት ታምሜ አይደለም፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ብዬም አልዋሽሽም። ጠርጥሬሽ ነው። ይኸንን በስልክ መናገር ስላልፈለግሁ እጽፍልሻለሁ። ደብዳቤውን ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ትይዝልሻለች፤ ልጇን ልትጠይቅ ወደ ሜልቦርን ልትመጣ ነው። ፖስታውን በሙጫ አሽጌ በመገጣጠሚያው ላይ ፈርሜበታለሁ። ተከፍቶ ከደረሰሽ ንገሪኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅምት መጨረሻ፣ ቅዳሜ ቀን ወፍጮ ቤቱን ዘግቼ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሰው ከአጥሩ በር ላይ ቆሞ ሰላምታ ሰጠኝ። ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ፣ ጫማው የተወለወለ፣ በብብቱ የፕላስቲክ ማኅደር የያዘ ሰው ነው።

«ጋሼ ሐብተ ማርያም እርስዎ ነዎት? ታንከኛ ነበሩ አሉኝ።»

«ማን አለህ?»

«ሰዎች።»

ይኸ «ሰዎች» የሚሉት መልስ ገና ሳይቀመጥ አስጠላኝ። የኛ አገር ሰው ቢሆን ደግሞ በ«ጋሼ» ፋንታ «አያ» ባለኝ ነበር። ኢዮስያስ እባላለሁ፣ ከደሴ ነው የመጣሁት፣ የድሮ ወታደሮችና የታንክ ፎቶዎች ሰብስቤ የማን እንደሆኑና የት እንደተነሡ የሚያውቅ ሰው እያፈላለግሁ ነው አለ። በዚህ ጊዜ፣ ማን ታንክ መንዳት እንደሚችል እየዞረ የሚጠይቅ ሰው ምን ይባላል? እዚያ ሆነሽ ላይገባሽ ይችላል እንጂ፣ እዚህ የድሮ ወታደር መሆን ለማንም የሚነገር ነገር አይደለም። አንዱ ይፈልግሃል፣ ሌላው ይፈራሃል። የወፍጮ መካኒክ ነኝ አልሁት።

እሱ ግን ገባ። ወንበሩን አንሥቶ፣ በፊቴ ዞሮ፣ በቀኜ በኩል አስቀመጠና ተቀመጠ። ልብ በይ። ግራ ጆሮዬ እንደማይሰማ እዚህ የሚያውቅ የለም፤ ጎረቤቶቼ እንኳ ሲያናግሩኝ ፊቴን የማዞረው ከኩራት ይመስላቸዋል። የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ፎቶዎቹን አንድ ባንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። አሥራ አንድ ናቸው። አንዱን ወደኔ ገፋ አድርጎ፣

«ይኸ ቲ-62 ነው መሰለኝ» አለ።

«ምነው! ቲ-55 ነው እንጂ! በፊተኛው ጎማና በሁለተኛው መካከል ያለውን ሰፊ ክፍተት አታይም? የቲ-62 ክፍተቱ ወደ ኋላ ነው።»

ከተናገርሁ በኋላ አፌን ብይዝ ምን ዋጋ አለው? እሱ ፈገግ እንኳ ሳይል ደብተሩ ላይ ጻፈ። ሆን ብሎ እንደተሳሳተ ያን ጊዜ ገባኝ።

መጨረሻ ላይ ያወጣው ፎቶ በ1981 ዓ.ም. ደባርቅ ላይ የተነሣነው ነው። አራት ሰዎች በአንድ ታንክ ላይ። አንደኛው አዛዣችን ሃምሳ አለቃ ሰጠኝ ነው፤ ከሞተ ብዙ ዘመን ስለሆነው ስሙን ነገርሁት። ሁለተኛው ተኳሹ ወንዴ ነው፤ አይከል ላይ እህል እየነገደ በሕይወት ስላለ፣ «ሞቷል» አልሁት። ሦስተኛው፣ ከሾፌሩ መውጫ አንገቱን ብቅ ያደረገው ጎፈሬያም ልጅ፣ እኔ ነኝ። «አላውቀውም» አልሁ። ከዚያ ጣቱን አራተኛው ላይ አሳረፈና አላነሣ አለ።

«ይኼኛውስ?»

የሺዋስ ነው። ጥይት አጉራሻችን።

«እሱንም አላውቀው።»

ፎቶዎቹን ሰብስቦ፣ አመስግኖኝ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንቺ ስልክ በጮኸ ቁጥር የጆሮዬን ነገር ማን ነገረው እያልሁ እቃጠል ነበር። ዓምና የወታደርነት ፎቶዬን ፌስቡክ ላይ ልለጥፍ ብለሽ የተቆጣሁሽ ትዝ አለኝ። ይኸው ለጥፋዋለች፣ ጉዴን ሁሉ ዘርዝራዋለች አልሁ። ወንዴ ዘንድም ደወልሁ።

«አንድ ፎቶ የያዘ ሰው መጥቶብህ ነበር?»

«አልመጣም። ምነው?»

«ከመጣ አንተ ሞተሃል።»

ወንዴ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሰኞ ዕለት ሰውየው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ እህል ያመጡትን ሴቶች እኔ እዚህ ሰፈር ስንት ዓመት እንደኖርሁ ሲጠይቅ አየሁት። ተነሥቼ የሰፈሩን ጸጥታ ለሚጠብቁት ሄጄ ነገርኋቸው። «የድሮ ወታደሮችን እየመዘገበ ነው» አልኋቸው። ሳላውቅ ነው ያደረግሁት እንዳልል፣ ዛሬ እንዲህ የተባለበት ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል አውቃለሁ።

ያዙት፤ በሦስተኛው ቀን እኔን ጠሩኝ። ማኅደሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግፏል። እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጢሙ አድጓል፣ ያ የተወለወለ ጫማው ክር የለውም።

«አያ ሐብተ ማርያም፣ ይኸ ወረቀት የርስዎን ስም ይጠራል። እስቲ ያንብቡት» አለኝ ኃላፊው።

ቢጫ የሆነ ደብዳቤ ነው። ጽሕፈቱን ገና ሳየው አወቅሁት። የሺዋስ ለሚስቱ ለትዕግስት የጻፈው ነው። እንዲህ ይላል፦ «ሾፌራችን ሐብተ ማርያም የሚባል የጎንደር ልጅ ነው። ግራ ጆሮውን መድፍ ነሥቶታል። ፈቃድ አግኝተን ስንመጣ በቀኙ በኩል ተቀምጠሽ አጫውቺው፤ ሸጋ ልጅ ነው። የሆድሽ ልጅ ወንድ ከሆነ ኢዮስያስ በይልኝ።»

«ይኸን ሰው ያውቁታል?» አለኝ ኃላፊው።

«አውቀዋለሁ» አልሁ። «የጓደኛዬ ልጅ ነው። ያሳሳትኋችሁ እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ገሠጸኝ፣ ልክም ነው። እሱን ለቀቁት። እፀገነት፣ አንቺንም በከንቱ ጠርጥሬሻለሁና ይቅር በይኝ። ተያይዘን ስንወጣ ጠየቅሁት።

«ምነው መጀመሪያውኑ የየሺዋስ ልጅ ነኝ አላልኸኝም?»

«ልጁ መሆኔን ካወቁ የሚያጽናናኝን ብቻ ይነግሩኛል ብዬ ነው» አለኝ። «እኔ የሆነውን ነው የፈለግሁት።»

ቤት ወስጄ ውኃ አሙቄለት ታጠበ፣ በላም። ከፎቶው ጀርባ የአራታችንንም ስም በእጄ ጻፍሁለት፤ ወንዴንም ከሞት አስነሣሁት። እስክጨርስ ጠብቆ፣

«አባቴ እንዴት ሞተ?» አለ።

«ከዛሪማ ወዲያ ነው። ታንካችን ተመታች። ወዲያው ነው የሞተው፤ ሕመም እንኳ አልተሰማው።»

«አጠገቡ ነበሩ?»

«እኔ ወጥቼ ነበር።»

«ታዲያ ወዲያው መሞቱን በምን አወቁ?»

ፎቶውን አንሥቼ ሰጠሁት። እሱም ተቀበለኝና፣ እኔ ያን ቅዳሜ እሱን ባየሁበት ዓይን አየኝ።

ላንቺ ልንገርሽ። ሾፌር የራሱ መውጫ አለው፣ ከፊት ለፊት። ሃምሳ አለቃ የቆሰለውን ወንዴን ተሸክሞ ወርዷል። የየሺዋስ መውጫ ክዳን ግን ተጣሞ ነበር፤ እሳቱም ተነሥቷል። የታንክ ብረት ወፍራም ነው፣ ሁለት ደኅና ጆሮ ያለው ሰው እንኳ ከውስጥ የሚደበድበውን አይሰማም ይላሉ። እኔ ግን ባንዱ ጆሮዬ... ይቅር። ሕፃን ሳለሽ ሳህኑን በማንኪያ እየመታሽ ስትጫወቺ ጮኼብሽ፣ አንቺ ስታለቅሺ እናትሽ «ልጂቱ ምን አደረገችህ?» ብላ ተቀይማኝ ነበር። እሷ ሳልነግራት አረፈች።

ኢዮስያስ ትናንት ደውሎ ነበር። እናቱ ትዕግስት ለጥምቀት ወደ ጎንደር ትመጣለች፤ ባሏ የወደቀበትን አሳየኝ ብላለች። መንገዱ ሰላም ከሆነ ዛሪማ ድረስ እወስዳታለሁ። ካልሆነም እዚሁ ቤቴ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ሠላሳ ሰባት ዓመት ጠብቃለች። ለልጇ «ወዲያው ነው የሞተው» ብየዋለሁ፤ ለእሷ ግን እንደዚያ አልላትም።

የአዘዞው ተክለ ሃይማኖት አንቺንም ልጆችሽንም በወጣችሁበት በገባችሁበት ሁሉ ይጠብቃችሁ። እኔንም በጸሎትሽ አስቢኝ፤ በተለይ በጥር።

አባትሽ፣
ሐብተ ማርያም