መሪጌታ የዘለሏት እህት

ውድ ሠርክአዲስ፣

በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ፦ የክሊኒካችን ብቸኛ ወንበር ዛሬ ጠዋት አንድ እግሯን አጣች። ክሊኒኩ ፍኖተ ሰላም የተከፈተው ጉበት ላይ መዳብ ለሚያከማች፣ በዘር ለሚወረስ በሽታ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት ይገታዋል፤ ከዘገየ ይገድላል። ታማሚያችን አንድ ነው፤ እጁ የሚንቀጠቀጠው የቡሬው ገነነ።

«እህቱም ትመርመር» ብንል አባታቸው መሪጌታ ክንፈሚካኤል ተቆጡ። «ሠርጓ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው! በዘር ከተባለ ማን ያገባታል?» ብለው ወንድም እህት ሳይቀር ሰባት ቤት ቆጠሩልን፤ ሁሉም ጤነኛ። አንቺ ሰፈር ሰው የአያቱን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያ ሲያወጣ ነው።

ሙሽራዋ ልጃቸው ሥርጉት አላስጨረሰቻቸውም። «አባ፣ አክስቴን፣ እህትዎን ያምሮትን ዘለሏት እኮ። በሃያ ዓመቷ እጇ እየተንቀጠቀጠ አይደል የሞተች?»

ሄዳም ባለ ሦስት እግሯ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እንዳትወድቅ ወንበሯን በሁለት እጃቸው የያዙላት ራሳቸው መሪጌታ ናቸው። መዳቡ በዓይን ብሌን ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ይሠራልና መብራቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋሁ፤ ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

ካርዷን ሞላሁ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹን አቅፈሽ ሳሚልኝ።

እርማት፦ ከላይ «ታማሚያችን አንድ ነው» የተባለው «ሁለት ናቸው» ተብሎ ይነበብ። የሁለተኛዋ እጅ ገና አልተንቀጠቀጠም።