የቢጫው ቀሚስ ግራ እጅጌ

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ሦስት ዚፕ፣ አንድ ሱሪ ማሳጠር። ሰፈራችን ሓድነት እንደተለመደው።

ከሰዓት በኋላ ለሱቁ የቴሌግራም ገጽ ጽሑፍ ጻፍኩ። «አለባበስ ጨዋታ ነው። ሁሉም ሰው መጫወት ይችላል። ወፍራም፣ ቀጭን፣ ወጣት፣ ሽማግሌ…» ገዛኢ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ አነበበው። አብሮኝ የሚሰፋ ሰው ነው፣ መርፌ የያዘው እኔ ሳልወለድ።

«ቆንጆ ነው፣ ሥርጉት» አለ። «ባለፈው ሳምንት ያችን ሴትዮ ‹ቀይ አይሄድብሽም› ያላት ማን ነበር?»

እኔ ነበርኩ።

ለጠፍኩት። ግራጫ ሹራብ ለብሼ፣ ካሉኝ አምስት ግራጫ ሹራቦች አንዱን። ከደሴ መጥቼ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ስማር፣ ደራሲን ከጽሑፉ ለይታችሁ እዩ ብለውናል። ልብስ ሰፊንስ?

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

ኣብረኸት የምትባል የሒሳብ አስተማሪ መጣች። ጽሑፉን አንብባ ነው። ወንድሟ ጥር 17 ያገባል። ግራ እጇ ከክርን በታች የለም። እንዴት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከጦርነቱ ወዲህ እዚህ ከተማ አይጠየቅም፤ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል።

«ቢጫ» አለች። «የሚጮህ ቢጫ።»

«ሌላስ?»

«እጅጌ ላይ ቅናሽ የለም ወይ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ?»

ልሳቅ? አልሳቅ? ገዛኢ ሳቀ። እኔ ሜትሩን አነሳሁ። ደረት፣ ወገብ፣ ቀኝ እጅ። ጻፍኩ። ሁሌም ቀኙን ብቻ ነው የምንለካው፣ ግራው ያው ነው ተብሎ ይታለፋል። ያስተዋልኩት ከሄደች በኋላ ነው… ዓይኔን አንድ ጊዜ እንኳ በዚያ በኩል ሳላሳልፍ ልክ ወስጄ ጨርሻለሁ።

ሁሉም ሰው መጫወት ይችላል። እሺ።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

የኣብረኸት እናት መጡ፣ ብቻቸውን። ወይዘሮ ዘቢብ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ግራውን ረጅም አድርጊው። ውስጡን ጥጥ ሙዪው። ጫፉ ላይ ጓንት።»

«እሷ እንዲህ አላለችም…»

«እሷ ምን ታውቃለች። ሰው ሲያያት የማየው እኔ ነኝ። ፎቶ ደግሞ ሳሎን ይሰቀላል።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንዳትነግሪያት።»

«እሺ» አልኩ።

ለምን አልኩ? ሴትየዋ ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ቀላል ነበር። መጽሐፍ ውስጥ የማውቃቸው እናቶች ወይ ይመርቃሉ ወይ ይረግማሉ። ጥጥ የሚያዙ አላጋጠሙኝም።

ጥር 2፣ ቅዳሜ

ቢጫውን ቆረጥኩ። ጨርቁን ሁለት አጥፎ መቁረጥ እጄ የለመደው ነው። ስዘረጋው… ሁለት እኩል፣ ረጃጅም እጅጌ።

ገዛኢ አየው። «ምን ሆነሽ?»

«ረሳሁ።»

«ረሳሽ ወይስ እናትየዋን ሰማሽ?»

አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

«ጨርቅ ሲታጠፍ ሰው ሁሉ ባለ ሁለት እጅ ነው» አለና ወደ መኪናው ዞረ። አራት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ስማር እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ የለም።

እጅጌውን አላሳጠርኩትም። ጥጥም አልገዛሁም። ሁለቱንም እኩል እየከዳሁ ነው። ገለልተኛ መሆን ይሄ ይሆን?

ጥር 4

ጥጥ ገዛሁ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ጥር 8፣ ዓርብ

ፕሮቫ። ለበሰችው። ቀኙ ልክ ነው። ግራው ከክርኗ በታች ባዶውን ተንጠልጥሏል። መስታወቱ ውስጥ ብዙ አየችው።

«ይሄ የማን ነው?»

«ጨርቁን አጥፈን ስንቆርጥ…»

«ኣደይ፣ እናቴ፣ መጥታለች፣ አይደል?»

ሜትሩን አንገቴ ላይ አስተካከልኩ።

«መጥታለች። ጥጥ አለችሽ?»

«ጓንትም።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። እስከዛሬ የጠየቅኳት ቀለም ብቻ ነበር።

«እንጃ። አንድ ቀን ይታይ እላለሁ፣ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ቀኝ ጎኔን ብቻ እሰጣለሁ። ጨዋታ ነው ብለሽ ጽፈሻል። እኔ ሕጉን አላውቀውም።»

«እኔም።»

«እና ለምን ጻፍሽው?»

የሒሳብ አስተማሪ ናት፣ መልስ ብቻ አይበቃትም… ሥሌቱንም ማየት ትፈልጋለች።

መቀሱን ከጠረጴዛው አነሳች። «ያዢልኝ።» የእጅጌውን ጫፍ ወጥሬ ያዝኩ። ራሷ ቆረጠችው፣ ክርኗ ላይ። የያዝኩት ቁራጭ እጄ ላይ ቀረ።

«እሱን አትጣይው» አለች። «ሽንሽን አድርገሽ እዚሁ ጫፉ ላይ ስፊልኝ። ብዙ ይሁን። ስጨፍር ከኔ በፊት እሱ ይጨፍር።»

«ሠርጉ ላይ ትለብሽዋለሽ?»

«እንጃ አልኩሽ እኮ።»

ጥር 13፣ ረቡዕ

ሽንሽኑ አለቀ። ሰባት ደርብ። ገዛኢ «ዶሮ መሰለ» አለ። ከዚያ ስምንተኛውን ራሱ ጨመረበት።

ወይዘሮ ዘቢብ ሊያዩ መጡ። አዩ።

«እሺ ብለሽኝ አልነበረም?»

«ብዬ ነበር።»

«እና?»

«ማለት አልነበረብኝም።»

«አንቺ ሰፍተሽ ትገቢያለሽ። ከፎቶው ጋር ሳሎን የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

ሰላም ሳይሉኝ ወጡ። ትክክል ናቸው? ልጅቷም ትክክል ናት። ሁለት ትክክል ሰዎች፣ አንድ ቀሚስ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብል ይቀለኝ ነበር፣ ግን እሱም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም።

ጥር 17፣ እሑድ

ሠርጉ ሓወልቲ አካባቢ፣ አዳራሽ ውስጥ። ጥግ ያዝኩ። ኣብረኸት ነጠላ ደርባ ገባች፣ ግራ ጎኗ ሙሉ ተሸፍኗል። ስምንት ደርብ ሽንሽን ከነጠላ ሥር… ከፋኝ። ከዚያ በመከፋቴ አፈርኩ። ቀሚሱ የሷ ነው፣ ነጠላውም፣ ክንዱም።

ከበሮው ተመታ። ሁለት ዙር በነጠላዋ ዞረች። በሦስተኛው ነጠላውን ወንበር ላይ ጥላው ተመለሰች። ትከሻዋን ስትነቀንቅ ሽንሽኑ ቀደማት። የተወሰነ ሰው አየ፣ የተወሰነው እንዳላየ ሆነ። ጭፈራው አልቆመም።

ከዚያ የቤተሰብ ፎቶ። ፎቶ አንሺው «ቢጫ የለበስሽው፣ እዚያ ጋ ነጠላ ጣል አድርጊበት» አላት። በቅንነት ነው፣ ለማማር ብሎ። ኣብረኸት አልመለሰችለትም። እናቷን አየች። ሁላችንም አየናቸው።

ወይዘሮ ዘቢብ ከሙሽራው ጎን ተነሡና በግራዋ በኩል መጥተው ቆሙ። «አንሣ» አሉት። ከፊቴ ሰው ስለነበረ እጃቸው ምን እንዳደረገ አላየሁም።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ኣብረኸት ፎቶውን በስልኳ ይዛ መጣች። ከአርባው ፎቶ እናቷ የመረጡት ይሄንን ነው። ትልቅ አስደርገው ሳሎን ሰቅለውታል።

ወይዘሮ ዘቢብ ቆመው የሽንሽኑን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘዋል። አጉልቼ አየሁት። መልሼ አሳነስኩት።

«እየሸፈኑት ነው ወይስ እያሳዩት?»

«ጠየቅኳት።»

«እና?»

«‹ዘሞ ነበር፣ ሳቃናው ነው› አለችኝ።»

ተያየን። ለሷም አልገባትም መሰለኝ። ለትምህርት ቤት የሚሆን ሌላ ቀሚስ አዝዛ ሄደች።

አልዘመመም ነበር። ሽንሽኑን ስሰፋ ግራውን ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ።