ስጋ የማታውቀዋ መጥበሻ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

በርገር ጠብሰው በልተዋል። ሲፈንና ያቺ የሥራ ባልደረባዋ ቤቲ። ሻርፗ ላይ የተጠበሰ ስጋ ሽታ ይዛ ገባች፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ "ሰአዳ፣ ልክ የሆቴሉን ነው የሚመስለው!" አለችኝ። በኦሮምኛ ነው ያለችኝ። እኔና እሷ የምናወራው በኦሮምኛ ነው።

እኔ ፉል ሠርቼ እየጠበቅኳት ነበር። ስፔሻል። እርጎው ከላይ፣ ቃሪያው በቀጭኑ ተከትፎ፣ እንቁላሉ ተፈርፍሮ። "ጠግቤያለሁ" አለች። ለይሉኝታ ሁለቴ ጎረሰች። የቀረውን ብቻዬን በላሁት፤ ዳቦው ሲያልቅ በማንኪያ። አሁን ሆዴ ተነፍቶ ተቀምጫለሁ። ቅናት ይሁን ባቄላ አላውቅም።

ስናደድ ነገር ይምታታብኛል፣ ስለዚህ ከሥሩ ልጻፈው። ሲፈን ከዩኒቨርሲቲ ዶርም ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። ስንመረቅም ነቀምቴን አልለቀቅንም፤ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖራለን። እሷ ግል ክሊኒክ ፋርማሲ ውስጥ ተቀጠረች። እኔ በአካውንቲንግ ተመርቄ የሰፈር ልጆች አስጠናለሁ፣ ማስታወቂያ ባየሁበት ሁሉ ማመልከቻ አስገባለሁ። ሆቴል መብላት አቅማችን አይደለም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍላችን ሆቴል ይሆናል። አልፎ አልፎ ከተማ ወጥተን አንድ ሳህን ለሁለት እናዝዛለን፤ ቀስ ብለን እያጣጣምን ምን እንደገባበት እንገምታለን፤ ከዚያ ከሰል ምድጃችን ላይ እንሠራዋለን። ፒዛ ሳይቀር ሠርተናል፣ ክዳኑ ላይ ፍም ደርድረን። ታቹ አሯል፣ ላዩ ግን ፒዛ ነበር።

ስጋ ብቻ አንሠራም። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እሷ ጴንጤ። የእነሱን እርድ እኔ አልበላም፣ የእኛን እሷ አትበላም። ተነጋግረንበት አናውቅም፤ ዶርም ሳለን እንዲሁ ሆነ፣ በዚያው ቀረ። መጥበሻችን አንዲት ናት። እጀታዋ ሲላላ በቢላ ጫፍ እናጠብቀዋለን። ስጋ ነክቷት አያውቅም።

ከቤቲ ጋር ግን ምን የሚያስጨንቅ ነገር አለ? ሁለቱም ጴንጤ። እንዳሻቸው ይጠብሳሉ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ቤቲን አየኋት። ሲፈን የረሳችውን ጃንጥላ ልትወስድ መጣች፣ እሷም ተከትላት ገባች። ያገኘሁባት ጥፋት ይሄ ነው፦

ቆንጆ ናት።

ሲፈንን "ሲፊ" ትላታለች። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ሲፈን ነው የምላት፣ ማን ፈቀደላት?

ከአዲስ አበባ መጥታ ክሊኒኩ ከገባች ወር አልሞላትም፣ የጋዝ ምድጃ አላት።

ምድጃችንን አይታ "በከሰል ነው ያን ሁሉ የምትሠሩት? ጎበዞች!" አለችን። ልክ ጫማውን ራሱ ላሰረ ሕፃን እንደሚባለው።

ይሄ ሁሉ ግን ይቅር። አንጀቴን ያቃጠለው አማርኛው ነው። ሲፈን ከእሷ ጋር አማርኛ ታወራለች! እኔ ከአርጆ ወዲያ ያደግኩ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ አማርኛ አፌን የፈታሁበት ነው። ቤት ውስጥ ስጀምርላት ግን "ተይ፣ ይሰባበርብኛል፣ ትስቂብኛለሽ" ብላ ወደ ኦሮምኛ ትመልሰኛለች። ለቤቲ ሲሆን "ጃንጥላው ጠፋች፣ ሻዩ ትጣፍጣለች" እያለች፣ ወንዱን ሴት ሴቱን ወንድ እያደረገች፣ ሳታፍር ትለቀዋለች። ቤቲ ደግሞ አትስቅባትም። ብትስቅባት ደስ ይለኝ ነበር።

ሊወጡ ሲሉ ቤቲ በሩ ላይ ቆመች። ስጋ እንደማንሠራ ሲፈን ነግራታለች መሰለኝ። "ሰአድዬ፣ ስጋ የሌለው በርገር ግን በርገር ነው እንዴ?" ሰአድዬ! ከዚያ ሳቀችና "እኔ ጋ አንዱ ክፍል ባዶውን ነው፣ ለሥራም ቅርብ። ሲፊን ልወስድብሽ ነው!" አለች።

ቀልድ ይመስላል። ሲፈንን አየኋት። አልሳቀችም፣ እምቢም አላለችም። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አሰረች። ክሩ አልተፈታም ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ትሄዳለች። አሁን እርግጠኛ ነኝ።

ክፍሉን ስጠርግ መጥረጊያው አልጋዋ ሥር ካለ ፌስታል ጋር ተጋጨ። ከፈትኩት። አዲስ መጥበሻ። ጥቁር፣ የማያስይዘው ዓይነት፣ ዋጋው የተለጠፈበት ወረቀት ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ሁለት ሳህን። አንድ ቀይ ስፖንጅ። ሁለት ሳህን! ለማንና ለማን? ስፖንጅ የሚገዛ ሰው እኮ ቆርጧል። መጥበሻስ ለሌላም ይገዛል፣ ስፖንጅ ግን ቤት ሊመሠርት ያሰበ ሰው ነው የሚገዛው።

እንደነበረ አስሬ መለስኩት። ማታ ስትገባ "ማል ታቴ?" አለችኝ፣ ምን ሆነሻል። "ምንም" አልኳት።

ቀን ደግሞ መልእክት ገባልኝ። ጅማ ላይ ለጽሑፍ ፈተና ተጠርቻለሁ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ሳምንት። በሌላ ቀን ቢሆን እየዘለልኩ ክሊኒኩ ድረስ ሮጬ ነበር የምነግራት። ዛሬ አልነገርኳትም። እሷ መጥበሻ ደብቃ የለ? እኔም ፈተና ደበቅኩ።

እልህ ይዞኛል። ቅዳሜ በርገር እሠራለሁ። ያለ ስጋ። ቤቲንም ራሴ እጠራታለሁ፣ ቁጭ ብላ ትብላ።

አርብ፣ ጥቅምት 7

ሐሳቡ የመጣልኝ ገበያ ላይ ነው። አንጮቴ! የወለጋው ሥራ ሥር፣ መሬት ላይ ተከምሮ፣ አፈሩ ገና አልረገፈም። ሲፈን የኑኑ ቁምባ ልጅ ናት፤ ዘንድሮ ለመስቀል ተረኛ ሆና አገሯ ሳትሄድ ቀረች፣ አንጮቴ ሳልበላ መስቀል አለፈ እያለች ስታዝን ከርማለች። ቤቲ አንጮቴ ዛፍ ላይ ይብቀል ጉድጓድ ውስጥ አታውቅም።

ሻጯ "ለማን ነው፣ ኢንተለኮ?" አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው። ለጓደኛዬ አልኳት። "ሳትልጪ ቀቅይው፣ ከበሰለ በኋላ ነው የሚላጠው" አለች። አውቃለሁ። ያላወቅኩት ሌላውን ነው።

ከጁምዓ በኋላ ሞከርኩ። ቀቀልኩ፣ ላጥኩ፣ በትኩሱ ፈቀፈቅኩ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሬ ጠፍጣፋ አድርጌ ዘይት ላይ ጣልኩት። ልገለብጠው ስል ተበታተነ። ሁለተኛውም ተበታተነ። ሦስተኛውን በሁለት ማንኪያ ደግፌ ገለበጥኩት፣ አየር ላይ ተከፈለ። መጥበሻው ላይ የቀረው የአንጮቴ ፍርፍር ነው። ይጣፍጣል፣ ግን ማን በርገር ይለዋል? ቤቲ "ጎበዝ" ስትለኝ ታየኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለአንጮቴ! አዎ፣ ለአንጮቴ።

እናቴ ደወለች። ድምፄን ሰምታ "አንቺ፣ ምን ሆነሻል?" አለች። ዘረገፍኩላት። ስጨርስ "እና ባል ነው የነጠቀችሽ ይሄን ያህል የምትንጨረጨሪው?" አለችኝ።

"እማ!"

"ወላሂ እኔስ ባል መስሎኝ ደንግጬ ነበር። አብሽሪ። ለመሆኑ እንቁላል አግብተሽበታል?"

አላገባሁበትም። "ቀዝቅዞስ ነው የፈቀፈቅሽው?" አልቀዘቀዘም። "ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ፣ በትኩሱ!" ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ድምጿን ቀንሳ "ለልጂቱም ደህና አድርገሽ ሥሪላት፣ እንግዳ ናት፤ እናቷ ሩቅ ናት" አለች። እሱን ያልሰማሁ መሰልኩ።

የቀረውን አንጮቴ ቀቅዬ፣ ከነልጣጩ ከድኜ አሳደርኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ሳልረሳው ልጻፍ።

ቀዝቅዞ ሲፈቀፈቅ ሌላ ነገር ነው። እንቁላል፣ ደርቆ የተፈጨ ዳቦ፣ ኮረሪማ ትንሽ። ያዘልኝ! ስገለብጠው እንደ ሳንቲም ዞረ። ክብ ዳቦ ከዳቦ ቤት፤ የበርገር ዳቦ የሚባለው ዋጋው ያስቃል። ማዮኔዙን ከእንቁላልና ከዘይት በሹካ መታሁት፣ ክንዴ ዛለ። ካቻፑ ቲማቲም በኮምጣጤና በስኳር ተንተክትኮ። በቺዝ ፈንታ የእኛው አይብ፣ ከቆጭቆጫ የቃሪያ ድቁስ ጋር ታሽቶ። ሲፈን ውጪ ቁጭ ብላ ለችፕስ ድንች ትልጣለች።

ቤቲ መጣች። እጇ ላይ የተከደነ ዕቃ። "የተፈጨ ስጋ ነው፣ አስተካክዬ አምጥቻለሁ፣ ለእኔና ለሲፊ። አንቺ እንዳትቸገሪ ብዬ" አለች። በቅን ነው ያለችው፤ ያ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። ዘወር ብላ ከሚስማሩ ላይ መጥበሻችንን አነሳች።

እንግዳ ናት። ተይ ብላት ስጋሽን ተጸየፍኩ ማለት ይሆንብኛል፤ ዝም ብላት መጥበሻዋ አለቀላት። ቆሜ ቀረሁ።

"አትንካ!"

ሲፈን ናት። ቢላዋና ድንቹን እንደያዘች በሩ ላይ። በአማርኛ!

"እኔን ነው?" አለች ቤቲ፣ ግራ ገብቷት።

"አዎ፣ አንተ! ያቺ መጥበሻ ስጋ አያውቅም። ሰአዳ ይበላበታል። እኔና ሰአዳ ነን።" ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ፌስታሉን ጎተተች። "የስጋ ይሄ ነው። ሳህኑም የስጋ ናት። ማጠቢያውም ለብቻ።" ቀዩን ስፖንጅ ከፍ አድርጋ አሳየቻት፣ እንደ ዳኛ ካርድ።

ቤቲ ቀላች። "ውይ! ሰአዳ፣ በናትሽ ይቅርታ፣ ጭራሽ አላሰብኩትም" አለችና መጥበሻዋን በሁለት እጇ ወደ ሚስማሯ መለሰች። ከዚያ ለሲፈን "ግን 'አንተ' አልሽኝ እኮ" አለቻት። ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ስስቅ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

በላን። ስጋው በጥቁሩ፣ አንጮቴው በእኛዋ። ሲፈን የአንጮቴውን አንዴ ገመጠችና ማኘኳን አቆመች። "ኑኑ" አለች። የአገሯን ስም ብቻ። ሁለተኛ አነሳች።

ቤቲም ቀመሰች። ከዚያ ደገመች። "አሁን ገባኝ" አለች እያኘከች። "ሥራ ቦታ እኮ ሰልችቶኛል! ምሳ ላይ ሰአዳ፣ ሻይ ላይ ሰአዳ። እኔ ጋ ስንሠራም 'ሰአዳ ቢሆን ሽንኩርቱ አያርም' ትለኛለች። በእሷ አማርኛ ሴት ይሁን ወንድ እንኳ እስክትነግረኝ አላወቅኩም ነበር።"

አንድ የስጋ በርገር ተረፈ። የአንጮቴ አልተረፈም። ለታሪክ እንዲቀመጥ ነው የምጽፈው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ሲፈን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ግቢ ውስጥ ልብስ አጠብን። ለምን እንደደበቀችው ጠየቅኳት።

"ስጋ ወደ ክፍላችን ላስገባ ብዬ እንዴት ልጠይቅሽ? ቤቲን ቅዳሜ መጥራት ፈልጌ ነበር። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት። አፌ ላይ እየደረሰ ይመለሳል።"

"ክፍሉስ?"

አንሶላውን ጨመቀች። "ጠይቃኛለች። መልስ አልሰጠኋትም።"

"ለምን እምቢ አላልሻትም?"

"አንቺ ለምን ዝም አልሽ?" አለች። "ስልክሽ ቻርጅ ላይ ነበር፣ መልእክቱ ላዩ ላይ ታየኝ። ጅማ። ሐሙስ የመጣ ነገር ነው፣ ዛሬ እሑድ ነው። በየሳምንቱ የሆነ ከተማ ታመለክቻለሽ፣ ሰአዳ። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ አሁን ጅማ። አንድ ቀን እውነትሽን ትሄጃለሽ። ያኔ እዚህ ክፍል ብቻዬን ምን እሠራለሁ? አንቺ በቤቲ ቀናሽ። እኔ ስንት ከተማ ላይ እንደቀናሁ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም ነበር። ማመልከቻዎቼን የምታርምልኝ እሷ ናት። ፖስታ ቤት ድረስ አብራኝ የምትሄደው እሷ ናት።

የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዝኩላት፣ አብረን ጨመቅነው። ከዚያ "ብወድቅስ?" አልኳት።

"ሂንዴሙ" አለች። ከወደቅሽ እኔም ቤቲ ጋ አልሄድም ማለቷ ነው።

"ባልፍስ?"

"ካለፍሽ መጥበሻዋ እዚህ ትቀራለች።"

"የኔ ናት! እኔ ነኝ የገዛኋት።"

"እጀታዋን ማን ሲያጠብቅ ኖረ?"

ልብሱ ተሰጥቶ እስኪያልቅ በዚህ ተከራከርን። አልተስማማንም። ማለፍ እፈልጋለሁ፤ በጣም። ማለፍ አልፈልግምም። ሁለቱም እውነት ነው፣ እንዴት እንደሚሆን እንጃ። የሚመጣው ቅዳሜ ጅማ ስለምሆን ሆቴላችን ዝግ ነው መሰለኝ። ሲፈን ግን አርብ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኝታኝ ለመንገድ የአንጮቴ በርገር ቋጥራ እንደምትሰጠኝ ተናግራለች።

ማታ ቤቲ መልእክት ላከች። "አንጮቴው እንዴት ነው የሚሠራው? ለእናቴ ብልክላት ትደሰታለች" ትላለች። ቁጭ ብዬ በደንብ ጻፍኩላት፤ ሳይላጥ እንደሚቀቀል፣ ሽንኩርቱ እንዴት እንደሚከተፍ፣ ኮረሪማው እንዳይበዛ። ላክሁት።

ሲፈን ከትከሻዬ በላይ አነበበችው። "እንቁላሉስ? መቀዝቀዙስ?"

"ረሳሁት።"

"አልረሳሽም።"

ነገ እነግራታለሁ። ወይም ከፈተናው በኋላ።