ጅራቱ ያልተሰፋው ዝሆን

ለተከበሩ የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል የጎብኚዎች ጉዳይ ኃላፊ፣
ካሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎ፣ በተለይም የዓይንዎ ነገር እንደምን ሰንብቷል እያልኩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ከእኔ መቀስ የሚተርፈውን ቁርጥራጭ እየለቀመች ለልጆች መጫወቻ የሚሆን የጨርቅ ዝሆን ትሰፋለች። በአንዲት ጠባብ ክፍል ሁለት የስፌት መኪና ፊት ለፊት አስቀምጠን፣ ጉልበታችን እየተጋጨ ያረጀን ሰዎች ነን። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ ክብርዎን ለመንካት አይደለም፤ በፖስታ የላክናቸው ደብዳቤዎች ጽሕፈት ቤትዎ ሲገቡ እንቅልፍ ስለሚወስዳቸው ነው።

ባለቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ ዝሆን ስትሰፋ፣ ዝሆን አይታ አታውቅም። የምትሰፋው ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ላይ ከቀደደችው ሥዕል እያየች ሲሆን፣ የሥዕሉ ዝሆን ፊት ለፊት የቆመ ነው። ኩምቢው፣ ጆሮው፣ ጥርሱ ይታያል፤ ኋላው ግን የለም። ስለዚህ ጅራቱን በግምት ስትቀጥል ኖረች፣ አንዴ ከፍ አድርጋ፣ አንዴ ዝቅ አድርጋ፣ አንዴ ቀጭን፣ አንዴ ወፍራም። እኔ «ማን ዞሮ ያይብሻል? ልጆቹ እንደሆኑ ጆሮውን ይዘው ነው የሚጎትቱት» ስላት፣ «ዝሆኑ ራሱ ያውቃላ!» ትለኛለች። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው በስልኩ ዝሆን ሲራመድ ሊያሳያት ቢሞክርም፣ «አውራ ጣቴን የሚያህል ዝሆን አይቼ፣ ዝሆን አየሁ ልበል?» ብላ መለሰችው።

ኋላ ዓይኗ ከዳር ከዳሩ መጨለም ጀመረ። የዓይን ሐኪሙ መርምሮ፣ እንደማይመለስ፣ ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ ግን ሳትውል ሳታድር እንድታይ በሐዘኔታ ነገራት። ሌላ ሰው ቢሆን ባሕር ይላል፣ ሩቅ ያለ ዘመድ ይላል። እሷ ግን እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ወደ እኔ ዞራ፣ «በል እንግዲህ አንተ ሰውዬ፣ ዝሆን ልታሳየኝ ነው» አለችኝ። ፈቃዱንም መኪናውንም የሚሰጡት እርስዎ ነዎትና፣ ይህንኑ ከሐኪሙ ማስረጃ ጋር አቀረብን። እነሆ ምስጋናዬ በተራ በተራ።

አንደኛ፤ ስለ ዝግጅት መመሪያዎ። ጎብኚ ደማቅ ልብስ እንዳይለብስ፣ ሽቶ እንዳይቀባ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ስላዘዙ፣ ለሁለታችንም አቧራ የመሰለ ካኪ ሰፋሁ። ሽታ ያለው ሳሙና ከቤታችን ወጣ። ባለቤቴ አዲሱ ቡትስ ጫማ እንዲለሰልስላት ከአልጋው እስከ በሩ ስትመላለስ ሰነበተች፤ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ተውሳም በመስኮት የጫማ ሰፊውን ድመት ስትከታተል፣ እሱ «እትዬ፣ ድመቴን ሊያድኗት ነው እንዴ?» ብሎ ሰፈሩን አሳቀብን። ከሁሉ የከበዳት ዝምታው ነበር። ስንሰፋ ዝም እንበል ብለን እንስማማለን፤ እሷ ሳቋ ያመልጣታል፣ እኔም አላስችል ይለኛል። እንደዚያ ስትደሰት አይቻት አላውቅም። ይህችኛዋ ምስጋና ከልቤ ናት፤ ሽሙጥ የለባትም።

ሁለተኛ፤ ስለ መጀመሪያው ቀጠሯችን። ሻንጣ ዘግተን፣ ቁልፍ ለጎረቤት ሰጥተን፣ ካኪያችንን ለብሰን በር ላይ ቆመን ሳለ፣ መንገዱ እየተጠገነ ነው ተባልን። ይሁን፤ መንገድ መጠገን አለበት።

ሦስተኛ፤ ስለ ሁለተኛው ቀጠሯችን። መኪኖቹ በሙሉ ለአውደ ጥናት ተሰማርተዋል ተባለ። የአውደ ጥናቱ ርዕስ «ተራው ሰው የዱር እንስሳትን እንዲጎበኝ እንዴት እናበረታታ?» የሚል መሆኑን ስሰማ ምን ያህል እንደኮራሁ አይጠይቁኝ። ክቡርነትዎና ባልደረቦችዎ በመኪናው፣ በእኛ ወንበር ተቀምጣችሁ ስለ እኛ ስታስቡ የተነሳችሁትንም ፎቶግራፍ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ አየሁት። ከኋላችሁ ዝሆኖች ቆመዋል፤ እነሱም ፊት ለፊት። ባለቤቴ በዚያን ጊዜ ዓለምን የምታየው የመርፌ ቀዳዳ በሚያህል ክፍተት ነበር፤ ክሩን የማስገባላት እኔ ሆኜ ነበር።

አራተኛ፤ ስለ ትዕግሥት ትምህርትዎ። ከዚያ ወዲያ ብንጽፍ፣ ብንደውል፣ በኮሪደራችሁ አግዳሚ ወንበር ላይ ተሰልፈን ብንውል ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁን። ጸሐፊዎ «ነገ ይምጡ» ስትል ድምጿ ደግ ነው፤ አልቀየማትም። ዝሆኑም ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ባለቤቴ እጇን ወደ ብርጭቆው ዘርግታ ስታጣው፣ «መብራት ጠፋ እንዴ?» አለችኝ። ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ብርጭቆውን አንስቼ እጇ ላይ አስያዝኳት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ፈቃዳችሁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ልቀደው ነበር፤ እሷ ግን «ታዲያ ካኪው ለምን ተሰፋ?» ብላ ተነሳች።

ሄድን። ሹፌሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ደህና አድርጋ እንድታይ ብሎ መስኮት ዳር አስቀመጣት። ያለችበትን ሁኔታ አልነገርነውም ነበርና፣ «እናቴ፣ በቀኝዎ በኩል ይመልከቱ» ሲላት፣ ቅር እንዳይለው ብላ ወደ ቀኝ ዞረች። ቅርንጫፍ ሲሰበር፣ ከዚያም ያ ትልቅ ትንፋሽ ተሰማ። ጉልበቴን ጨምድዳ ይዛ፣ እንደተለማመድነው ትንፍሽ አላለችም። ዝሆኑ አልፎን ሊሄድ ሲል ብቻ በጆሮዬ፣ «ኋላውን እየው፤ ጅራቱን» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ዕድሜ ልኬን ቀጭን ክር በቀጭን መርፌ ያስገባሁ ሰው፣ የዚያን ሁሉ የሚያህል ፍጥረት ጅራት ማየት አቃተኝ። እንባዬ ሞልቶ ሁሉን ጋረደው። ስጠራርገው ቁጥቋጦው ብቻ እየተወዛወዘ ነበር። እንዳላየሁት ስነግራት፣ «አንተም?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቤታችን እስክንገባ እጄን አልለቀቀችም።

ስላደረጉልን ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ለነገሩ ከስፌት መኪናው ብዛት ቀና ማለት ካቆምኩ ሰንብቻለሁ፣ ረጅም ዕድሜና የማይፈዝ ዓይን እየተመኘሁልዎ እሰናበታለሁ።

የጎብኚዎች ቁጥር ሲያድግ ከተቆጠሩት አንዱ፣
ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቴ በእጇ እየዳሰሰች የሰፋችውን ዝሆን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ጅራቱ ሆዱ ላይ በመርፌ ተያይዟል፤ ክርም አለበት። ከእንግዲህ በግምት አልቀጥልም ብላለች። እርስዎ ዝሆን ከኋላም አይተው ያውቃሉና፣ ሲመችዎ ቦታው ላይ ይስፉልን። አይቸኩሉ፤ እኛን የሚያስቸኩለን ነገር የለም።