ከዝናቡ በፊት የተቆጠረ ሳር

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? ባለቤትህ በስልክ «አንዴ ጎንበስ ካለ ቀና ለማለት አማላጅ ይፈልጋል» ብላ ስታሾፍብህ ሳቅኩ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ እንደ ድሮው አልታዘዝ ብሎኛል። ሳር ለመቁጠር ስንበረከክ ስንት ዓመቴ መሰለህ!

ይህን ደብዳቤ ለብቻህ ሆነህ አንብበው። ማንበብ የተማርከው እስር ቤት መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ አፍራለሁ። ለምን እንደማፍር ዛሬ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ግን የምትጠብቀውን ልንገርህ። የግጦሹን ቁጥቋጦ የማቃጠል ፈቃዱ ወጥቷል። ባለፈው ሰኞ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ፈርመውበት ማኅተም ተመቶበታል። ባለቤትህ «ፈቃዱ እስኪመጣ ብሎ አሥራ አንዱን ላሞች አልሸጥም አለ፤ እኔን አይሰማኝም፣ እስቲ አንቺ ንገሪው» ብላኛለች። ይኸው ነገርኩህ፣ ሽጣቸው። በእግራቸው ገበያ መድረስ የሚችሉ ሳሉ ሽጣቸው።

ፈቃዱ ከወጣ ለምን እሸጣለሁ ትለኝ ይሆናል። ከሁለት ወር በፊት ከመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ጋር መጥቼ አርባውንም የመቁጠሪያ ቦታ ዞሬአለሁ። ደጅህ ደርሼ ሳልገባ በመመለሴ እንደተቀየምክ ሰምቻለሁ፤ ፊትህን ለማየት አቅም አልነበረኝም። መሬት ላይ እያኖርን በምንቆጥርባት በዚያች የብረት ፍሬም ውስጥ ድሮ ሠላሳ አንድ ዓይነት ተክል ቆጥረን ነበር፣ ታስታውሳለህ? ወተት የሚያወርደውን፣ ፍየል ብቻ የሚደፍረውን፣ በድርቅ ከሁሉ መጨረሻ የሚደርቀውን፣ አንድ በአንድ እየነቀልክ የነገርከኝ አንተ ነበርክ። አሁን ብዙው ቦታ ላይ ያገኘሁት አራት ነው። ዘጠኙ ላይ ምንም የለም። ቁጥቋጦው ዙሪያውን ዘግቶታል፤ ከሥሩ ያለው አፈር እንደ ተጠረገ ወለል ራቁቱን ነው።

እሳቱንም ሞክረነዋል። ከፈቃዱ በፊት አንድ ጥግ ላይ ለሙከራ እንድናቃጥል ተፈቅዶልን ነበር። ሾፌሩ ክብሪት ጫረ፤ እሳቱ አንድ እፍኝ ቅጠል በላና ሞተ። ደግሞ ጫረ፣ ደግሞ ሞተ። መጨረሻ ላይ «እትዬ፣ ትንሽ ነዳጅ እናርከፍክፍበት እንዴ?» አለኝ። አርከፈከፈ። አንዷ ቁጥቋጦ ነደደች፤ አጠገቧ ያለችው ቅጠሏ እንኳ አልጠወለገም። እሳት የሚሄደው በሳር ላይ ነው፤ ሳሩ ደግሞ የለም። ሳሩ እንዲመለስ ቁጥቋጦው መቃጠል አለበት፤ ቁጥቋጦው እንዲቃጠል ሳሩ መኖር አለበት።

አፈሩ ውስጥ የተኛ ዘር ይኖር ይሆናል ብዬ ከአርባውም ቦታ እየዘገንኩ ቢሮዬ መስኮት ላይ በሳህን ደርድሬ ስድስት ሳምንት ውሃ አጠጣሁት። ጽዳት የምትሠራው ሴትዮ «እመቤቴ ጭቃ ታሳድጋለች» እያለች ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። የበቀሉት ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱንም ላም አትበላቸውም። ሌላው ሁሉ አልቋል ወንድሜ። በእኔም በአንተም ዕድሜ አይመለስም።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ማቃጠል ክልክል ነው የሚለው ደንብ ሲወጣ «ከላይ የመጣ ነው» ብዬህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ። የመጣው ከእኔ ጥናት ነው። ከትምህርት ቤት በወጣሁ ዓመት ፍሬሙን አሸክሜህ አብረን የዞርነውን አስታውስ። እናንተ ካቃጠላችሁ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር፣ ዝናብም ገና አልጣለም። ካልተቃጠለው ሠላሳ አንድ፣ ከተቃጠለው ሁለት ቆጠርኩ። «ቆጣሪት፣ ይኼማ ተኝቷል እንጂ አልሞተም፤ ዝናቡ ከጣለ በኋላ መጥተሽ ቁጠሪው» ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሪፖርቱ የሚገባበት ቀን ደርሶ ነበርና ሁለት ብዬ ጻፍኩ። እሳት የተክል ዓይነቶችን ያጠፋል አልኩ። ከዝናቡ በኋላ ተመልሼ አልቆጠርኩም።

ደንቡ በወጣ በዓመቱ አንተ እንደ ልማድህ አቃጠልክና ተያዝክ። እስር ቤት ሳሙናና ፎጣ ይዤ ስመጣ «ሥራ እንዴት ነው?» አልከኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ደህና ነው» አልኩህ። ጥናቱ የእኔ መሆኑን አያውቅም ብዬ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ አያውቅም እያልኩ ቤትህ አድሬአለሁ፤ የራስህን ፍራሽ ለቅቀህልኝ ተኝቼበታለሁ።

ሰኞ ዕለት ፈቃዱ ተፈርሞ ደንቡ ሲሻር የሕግ ክፍሏ ሠራተኛ በዚያ ደንብ የተቀጡትን ሰዎች መዝገብ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ቆለለችው። ያንተን ፈልጌ አወጣሁ። ጥናቴ ከክሱ ጋር ተያይዟል። ችሎት ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልሃል፤ መጨረሻው ላይ ስሜ ከነአባታችን ስም አለ። ከሥሩ «ተነቦልኝ ሰምቻለሁ» ይልና የአውራ ጣትህ አሻራ አለበት። ዳኛው «በዚህ ጥናት ላይ የምትለው አለ?» ብለው ጠይቀውሃል። መልስህ አንድ መስመር ናት፦ «ያጠናችው ሰው ሥራዋን ታውቃለች፤ የምለው የለኝም።»

የስምንት ወር እስራትህ የተጻፈው ከዚያ ቀጥሎ ነው። በዚያው ዓመት እኔ ዕድገት አግኝቼ የክፍል ኃላፊ ሆንኩ።

ወንድምጋሼ፣ ወገብህን ያጽናልህ፤ ባለቤትህን ከጎንህ አያሳጣህ። ልመጣ እፈልጋለሁ፤ ነይ በለኝ ግን አልልህም፤ ከመጣሁም ደጅ ላይ እተኛለሁ። ላሞቹን ዛሬ ነገ ሳትል ሽጥ።

ታናሽ እህትህ