ማርታ ለእናቷ የምታስቀምጠው ቂጣ

ትርንጎዬ፣

ከተለየሽን ክረምቱ ወጥቶ ገብሱም ታጭዶ ገባ። እንደምን አለሽ ልበልሽ ወይስ ምን ልበልሽ፣ እሱም ግራ ገባኝ።

እናትሽ ከአገራቸው ከደሃና መጥተው ከእኛ ጋር ናቸው። ማርታችን ሦስት ዓመቷን ያዘች። አንቺ ከጎንሽ አስቀምጠሽ ምስር እንደምታስለቅሚያት፣ ሊጥ እንደምታስነኪያት፣ አሁንም ማድ ቤት ስገባ ተከትላኝ ትገባለች። ውሃውን በጣሳ የምትጨምረው እሷ ናት፤ ግማሹ መሬት ላይ ይቀራል። ትዝ ይልሻል፣ ጨው ጨምሪ ብለሻት ጭብጧን ሙሉ ወጡ ውስጥ የበተነችው? እኔ ልቆጣ ስል አንቺን ሳቅ አሸነፈሽ። ያን ወጥ ውሃ እየጠጣን በላነው።

አሁን የቸገረኝን ልንገርሽ። የገብስ ቂጣ ባቦካን ቁጥር ከሊጡ ቆንጥራ በመዳፏ ትጠፈጥፍና "ይሄ የእማዬ ነው" ትላለች። እጋግርላታለሁ። ሰሃን ከድናበት ታስቀምጠዋለች፤ ማንንም አታስነካም። እናትሽ ይህን ሲያዩ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ይወጣሉ። አንድ ቀን "ልጄ፣ ይህቺን ሕፃን በከንቱ ባታስጠብቃት ምናለ?" አሉኝ።

በቀብርሽ ሰሞን ስትጠይቀኝ "ሩቅ ሄዳለች" ብያት ነበር። ኋላ የጎረቤታችን ልጅ ከዓረብ አገር ሻንጣዋን ይዛ ስትመለስ፣ ማርታ በር ላይ ቆማ አየቻት። የቂጣው ነገር የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሊጡን አብረን እያሸን ነገርኳት። "እማዬ ሞታለች፤ ተመልሳ አትመጣም" አልኳት። እጇ ሊጡ ውስጥ እንዳለ ቀና ብላ አየችኝ።

"ቂጣውስ?" አለች።

"እኛ እንበላዋለን" አልኳት። ሲበስል ቆርሳ መጀመሪያ ለአያቷ ሰጠች። እናትሽ እንባቸውን እየጠረጉ በሉላት።

ገብቷት ይሆን? አላውቅም። በማግስቱ ፊቷን ሳጥባት "እማዬ ነገም ሞታ ነው የምትውለው?" ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ከነገ ወዲያስ አለች። አዎ አልኳት። ከዚያ ዶሮዋን ልታባርር ሮጠች፤ እኔ ጣሳውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ለእኔም በቅጡ ያልገባኝን ነገር ለእሷ እንዴት እንደማስረዳት አላውቅም። ብቻ በጠየቀችኝ ቁጥር እውነቱን እነግራታለሁ፤ ስምሽንም ሳልፈራ እጠራላታለሁ። ስታድግ መልክሽ ቢጠፋባት እኔ አለሁ። እኔ እስካለሁ ድረስ እናቷ ማን እንደነበረች ሳታውቅ አታድግም።

ባልሽ