የጠረግኳቸው ወረቀቶች

ኅዳር 4
ዛሬም ምርምር ጣቢያው ውስጥ ሩዝ ስንለቅም ዋልን። ጠጠሩ ለብቻ፣ ስባሪው ለብቻ... ወገቤ! የደረቅ መሬት ሩዝ ነው፣ ውኃ ሳይተኛበት በዝናብ ብቻ የሚበቅል፣ ከገበሬ የተሰበሰበ የድሮ ዘር። አራት ዓይነት፣ አራት ጆንያ። ሚዛን ላይ ያለው ሰውዬ፣ ግራሙ ነው የምንለው፣ «የትኛው ብዙ እንዳፈራ፣ የትኛው ሲፈተግ እንደማይሰበር ይለያል፤ የተሻለው ለገበሬ ይባዛል» አለኝ። ሥራ ከገባሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ደስ ብሎኛል።

ኅዳር 6
ወይኔ ጉዴ! ሩዙን በየሸራው አሰጣሁ፣ ጆንያውን አራገፍኩ፣ ከየጆንያው ቁራጭ ወረቀት ወደቀ፣ ቆሻሻ መስሎኝ ጠርጌ አቃጠልኩት... ለካ የዘሩ ስም የተጻፈበት ነው! ግራሙ ሲያልፍ «ስም የሌለው ዘር የዶሮ ቀለብ ነው» ይላል፣ ለሌላ ሰው ነው የሚያወራው፣ እኔ ግን መጥረጊያውን ከኋላዬ ደበቅኩ። ቢያባርሩኝስ? የዓመት ልፋታቸውስ?

ኅዳር 7
ለአክስቴ ነገርኳት። ትገድለኛለች ስል ሳቀች! «ያን ሁሉ ዓመት ከኔ ጋር ስትዘሪ ስትወቂ ምን ነበር የምታዪው? ዓይን የለሽም? ጥርስስ? ፍሬዋን ንከሻት!»
እውነቷን እኮ ነው... አራቱም እኛ ስንዘራቸው የኖሩ ናቸው፦ ቀይቱ በመልኳ፣ ጭራሜ በጭራዋ። ድንጋይቱ ጥርስ ትሰብራለች፣ ዱቄቴ ስትነከስ ትደቃለች። አውቃቸዋለሁ!

ኅዳር 8
ኃላፊዋ ጋ ገባሁ። «እትዬ፣ አጥፍቻለሁ...» ሁሉንም ዘረገፍኩት።  
«እሺ፣ አሁን የትኛው የትኛው ነው?» አሉ፣ ከየሸራው እፍኝ እፍኝ በግራሙ አስመጥተው።
አንድ በአንድ ነከስኩ፣ ተናገርኩ። ከቁም ሳጥናቸው ስም የተጻፈባቸው አራት ብልቃጦች አወጡ፣ ለናሙና ያስቀመጧቸው ናቸው። አስተያዩ... አራቱም ልክ!
ግራሙ፦ «በጥርሷ ነው የምታነበው በሉኛ!»
እትዬ ሳቁ። ከዛ ኮስተር ብለው «ብልቃጡ ባይኖርስ? ሁለተኛ ሳትጠይቂ እንዳትጠርጊ» አሉኝ። አልባረርኩም!

ኅዳር 21
ውጤቱ ወጣ። ዱቄቴ በምርት አንደኛ፣ ሲፈትጓት ግን ግማሿ ስብርብር። ድንጋይቱ ትንሽ ታፈራለች፣ ፍሬዋ ግን እንዳለ ይወጣል፣ ሲቀቀል ደግሞ ተበትኖ ያምራል። «ድንጋይቱም ትባዛ» አሉ እትዬ። አክስቴ ስትሰማ «ድሮስ!» አለች።

ኅዳር 22
አዲስ ደንብ ወጣ፦ አንድ ስም ከውስጥ፣ አንድ ከውጭ፣ ጆንያው አፍ ላይ የሚሰፋ። የሚጽፈው ማን ነው? እኔ! እስክሪብቶውን ሰጡኝ። «ድንጋይቱ» ብዬ ጻፍኩ፣ ቀስ ብዬ።
ግራሙ አጎንብሶ አየና «ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው» አለ።
«ይነበባል ወይ?» አልኩት።
ራቅ አድርጎ ያዘው፣ ቀረብ አደረገው...
«ይነበባል» አለ።